አርባ አራተኛዋ ሽንብራ

ጎንደር ላይ አርባ አራት ሲባል ቁጥር ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ታቦት ነው። «አርባ አራቱ ይመስክሩብኝ» ብሎ የማለ ሰው ከዚያ ወዲያ አይጠየቅም፤ «አርባ አራቱ ይከተሉሽ» የተባለች መንገደኛም ልቧ ሞልቶ ትሳፈራለች። ስማቸው አንድ በአንድ ይጠራ ቢባል ግን ያኛው ሰፈር ይኼኛውን ያስቀይማል፤ «የእኛን ረሳችሁት» ብሎ የሚቆጣም አይጠፋም። ስለዚህ ብልህ ሰው አይቆጥርም፣ ዝም ብሎ ይምላል።

እንኳየሁ ግን ቆጠረች። ታቦቶቹን አይደለም፣ ቁጥሩን ራሱን ነው። እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተቷት ደግሞ የገዛ አባቷ መሪጌታ ፍቅረ ማርያም ናቸው።

እንኳየሁ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት በሸጋ ውጤት ጨርሳ ነበርና ወደፊት የምትማረውን ትምህርት ሰኞ መርጣ ማስገባት ነበረባት። ውጤቷ ሕክምና ያስገባል። ሰፈሩም «ዶክተር» ብሎ ሰይሟት አብቅቷል፤ አንዳንድ ጎረቤት እንዲያውም ወገቡን እያሳየ «ምን ይሻለኛል?» ማለት ጀምሯል። እሷ የምትፈልገው ግን ሒሳብ ነበር። ይህን ለአባቷ የነገረቻቸው ቅዳሜ ቁርስ ላይ ነው። መሪጌታ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት።

«ሒሳብ?» አሉ። «ሒሳብ ሌላ ያጣ የሚመደብበት አይደለም እንዴ? ሐኪም ቢያንስ ሰው ይዳስሳል። ቁጥር ምኑ ይዳሰሳል? ነፍስ የለው፣ ጠባይ የለው!»

«ጠባይማ አለው አባዬ። እያንዳንዱ ቁጥር የየራሱ ጠባይ አለው።»

«እንግዲያው አርባ አራት ምን ጠባይ አለው? ክብሩ የታቦቶቹ ነው። ታቦቶቹን ብታነሺበት ባዶ አቁማዳ ነው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ አርባ አራት ለራሱ የሚጣፍጠው ምን አለው?»

አባትና ልጅ በእልህ አንድ ናቸው። እናቷ የትነበርሽ ሁለቱ ሲጀምሩ ገበታውን ማንሣት ልማዷ ነው፤ ያን ቀንም አነሣችው። በመጨረሻ መሪጌታ ነገሩን ቆረጡት። በማግስቱ እሑድ አራቱ ጓደኞቻቸው ከቅዳሴ በኋላ ለማኅበር ወደ ቤት ይመጣሉ። እንኳየሁ በእነሱ ፊት ቆማ ለአርባ አራት ትሟገታለች። ታቦት ሳትጠራ የቁጥሩን የራሱን ጠባይ፣ እሳቸው በእጃቸው ዳስሰው የሚያምኑትን አንድ ነገር ካሳየች ሰኞ የወደደችውን ትመርጣለች። ካላሳየች ሕክምና ትገባለች፤ ሒሳብ የሚባል ነገርም በዚያ ቤት ሁለተኛ አይነሣም።

«ቃልዎ ነው?» አለች እንኳየሁ።

«ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!» አሉ መሪጌታ።

እንኳየሁ ተረቱን በኋላ ስታስበው ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን ፈራች። የወለዱት እሷ ናታ።

መሪጌታ ፍቅረ ማርያም እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የያዙ፣ የአንዲት ምልክት ዝንፈት ከሩቅ የሚሰሙ ናቸው። በቅኔ ጉባኤ ያማረ ቅኔ ሲዘረፍ ሰሚው ሁሉ «ይበል! ይበል!» እያለ ባለቅኔውን ያሞግሳል። መሪጌታ ግን በይበል ንፉግ ናቸው እየተባሉ ይታማሉ። ከእሳቸው አንድ ይበል ያገኘ ደብተራ ዓመቱን ሙሉ ሲያወራው ይኖራል። እንኳየሁ እዚያ ቤት አድጋ፣ ከክፍሏ አንደኛ እየወጣች ካርዷን ለእሳቸው ስታሳይ ኖራ፣ ያቺን ቃል ሰምታ አታውቅም።

እሑድ ማኅሌቱም ቅዳሴውም አልቆ መሪጌታና አራቱ ጓደኞቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆመው ይጨዋወቱ ነበር፤ መቋሚያቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈዋል። በዚህ መሐል የሐምሌ በረዶ ያለ ማስጠንቀቂያ ወረደ። ሁሉም በእጁ የገባለትን መቋሚያ መንትፎ ነጠላውን ተከናንቦ ሮጠ። ቤት ደርሰው ውኃቸውን ሲያራግፉ ነው ጉዱን ያዩት። የኔታ ገብረ ሚካኤል ከሁሉም አንጋፋ፣ ቁመታቸውም የዛፍ ያህል ነው፤ ይዘውት የመጡት ግን የአጭሩን የአያ ወልደኢየሱስን መቋሚያ ነበርና ሕፃን እንደሚመራ ሰው ጎብጠዋል። አያ ወልደኢየሱስ ደግሞ የየኔታን ይዘው ጫፉ ከራሳቸው በላይ ቆሟል። አስናቀው የመሪጌታን ባለ ናስ ራስ፣ ሙሉቀን የአስናቀውን ባለ ቀንድ፣ መሪጌታም ገና ያልወዛውን የሙሉቀንን አዲስ መቋሚያ ይዘዋል።

«ምነው፣ አንድም የራሱን ያገኘ የለም?» አለች የትነበርሽ ከጓዳ ብቅ ብላ።

ማን ቀድሞ የማንን እንዳነሣ ክርክር ሊጀመር ሲል መሪጌታ በእጃቸው አስቆሙት። «መቋሚያውን በኋላ ትለዋወጣላችሁ። መጀመሪያ ሙግት አለብን።»

«ምሳውስ?» አሉ አያ ወልደኢየሱስ፤ ነገር ከምሳ አስቀድመው አያውቁም።

«የጠገበ ዳኛ ያንቀላፋል» አሉ መሪጌታ። የኔታ ገብረ ሚካኤል ዳኛ ተባሉ፤ እንኳየሁም መሪጌታ ሕፃናትን ፊደል ከሚያስተምሩበት ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ቆመች።

«በይ ልበልሽ!» አሉ አባቷ፣ እንደ ጥንቱ ሙግት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው።

እንኳየሁ ጀመረች። አርባ አራትን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥሮች ከራሱ በታች አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ አስራ አንድና ሃያ ሁለት ናቸው። እነዚህ ቢደመሩ አርባ ብቻ ይሆናሉ። አካፋዮቻቸው ተደምረው ልክ ራሳቸውን የሚሆኑ ቁጥሮች አሉ፣ ፍጹም ይባላሉ፤ አልፈው የሚተርፉም አሉ። «አርባ አራት ግን አራት ይጎድለዋል። ጎደሎ ከሚባሉት ወገን ነው» አለች።

ይህን ማለት አልነበረባትም። «ጎደሎ?» ብለው ዘለሉ አያ ወልደኢየሱስ። «ሃያ ሁለት ሃያ ሁለት ተብሎ እኩል የሚካፈለውን? ጎንደር ላይ ቆማ አርባ አራትን ጎደሎ አለችው! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንኳየሁ ሌላ ጎደሎ ነው፣ ሙሉና ጎደሎ ከሚባለው ጋር አይገናኝም ብላ ለማስረዳት ብትሞክርም የሚሰማት አልተገኘም።

ወደ ሁለተኛው ሄደች። ሰሌዳው ላይ 44 ብላ ጻፈች። «ከግራም ከቀኝም ቢነበብ ያው ነው። ደግሞ ሁለቱን አራቶች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተን ብንደምር ሠላሳ ሁለት ይሆናል። የሠላሳ ሁለትን ሦስትና ሁለት እንዲሁ ብናደርግ አስራ ሦስት፣ ከአስራ ሦስት አስር፣ ከአስር አንድ። መጨረሻው አንድ የሚሆን ቁጥር ደስተኛ ይባላል። አርባ አራት ደስተኛ ነው።»

ሙሉቀን ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ጥሞታል። መሪጌታ ግን ተነሥተው ጠመኔውን ከእጇ ተቀበሉና ከጎኑ ጻፉ፦ ፵፬።

«እኛ ዘንድ አርባ አራት እንዲህ ነው። ይኼ አርባ፣ ይኼ አራት። ሁለቱ አራቶችሽ የታሉ? ከኋላ ወደ ፊት ቢነበብስ ምን ይላል?»

እንኳየሁ ሰሌዳውን አየች። ምንም አይልም።

«ልብስ ሲለውጥ የሚጠፋ ጠባይ ጠባይ ነው?» አሉ መሪጌታ ለስለስ ብለው። «ያሳየሽኝ የአጻጻፉን ነው። የቁጥሩን አሳዪኝ።»

ከሁሉ ያሳመማት አባቷ ትክክል መሆናቸው ነው። የተናገሩት የሒሳብ መምህር ሊናገረው የሚገባ ነገር ነበር። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ፍርድ ሊሰጡ ነው። የትነበርሽ የልጇን ፊት አይታ ነገሩ ትንሽ ይዘግይ ብላ ይሁን እንጃ፣ የተቆላ ሽንብራ በሰፌድ ይዛ ገባች።

አያ ወልደኢየሱስ ለሽንብራው ሲንጠራሩ የያዙት ረጅም መቋሚያ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘና የየኔታን ጥምጥም መታ። የኔታም በአጭሩ መቋሚያ መከቱ። እንኳየሁ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆና ሳቋ አመለጣት። ሳቋ ሳያልቅ መቋሚያዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። አምስት ሰው። አምስት መቋሚያ። አንድም የራሱን ያልያዘ።

ይህን የተማረችው በዚያው ዓመት ነው። ሁለት ሰዎች እንዲህ ቢሳሳቱ መንገዱ አንድ ብቻ ነው። ሦስት ቢሆኑ ሁለት፣ አራት ቢሆኑ ዘጠኝ። ለአምስቱ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደምሮ በአራት ማባዛት ነው። ሁለትና ዘጠኝ አስራ አንድ። አስራ አንድ በአራት። በልቧ አባዛችው፣ ደግማ አባዛችው። እልል ለማለት ምንም አልቀራትም።

«የኔታ፣ አንድ ቀርቶኛል!»

«በይ ልጄ።»

«ዛሬ ጠዋት አምስታችሁም የሰው መቋሚያ ይዛችሁ መጣችሁ። አንድም የራሱን አልያዘም። አምስት ሰዎች እንዲህ ፈጽመው የሚሳሳቱበት መንገድ ስንት ይመስልዎታል?»

«አምስት ይሆናላ» አሉ አያ ወልደኢየሱስ። አስናቀው አስር ነው አለ። ሙሉቀን ማለቂያ የለውም አለ።

«አርባ አራት ነው» አለች እንኳየሁ።

ማንም ሽንብራ አልቆረጠመም።

«ቆይ» አሉ የኔታ። «ይኼም ያው ቆጠራ አይደል? አባትሽ ታቦት አትቁጠሪ ቢሉሽ መቋሚያ ቆጠርሽ።»

«አይደለም የኔታ። ታቦት ሰው ቢተክል ይጨምራል፤ ሃምሳም መቶም ሊሆን ይችላል። ይኼ ግን ማንም ሊጨምርበት፣ ማንም ሊቀንስበት አይችልም። መቋሚያ ይሁን ጫማ፣ ጎንደር ይሁን አይከል፣ ትናንት ይሁን የዛሬ ሺህ ዓመት፣ አምስት ሰው ከሆነ አርባ አራት ነው። ሲሻዎ በግዕዝ ቁጥር ይጻፉት፤ አይለወጥም።»

የመጨረሻውን የተናገረችው አባቷን እያየች ነበር። መሪጌታ አገጫቸውን በአዲሱ መቋሚያ ላይ አስደገፉ።

«ዳስሼ ነው የማምነው ብያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ተነሡ!»

ያን የመሰለ ማኅሌት ያ ቤት አይቶ አያውቅም። አምስቱ ሰዎች ክብ ሠርተው ቆሙ። መሪጌታ መሪ ሆኑ። መጀመሪያ የሙሉቀንን መቋሚያ እንደያዙ ሌሎቹን እያለዋወጡ መንገዱን ሁሉ ጨረሱ፤ ከዚያ የአስናቀውን፣ ከዚያ የአያ ወልደኢየሱስን፣ መጨረሻ የየኔታን ያዙ። «ለውጡ!» ሲሉ መቋሚያ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል፤ የራሱ የደረሰው ካለ «የራሴ ነው!» ብሎ ይጮኻልና ያ አይቆጠርም። የራሱ የደረሰው ከሌለ የትነበርሽ በያዘችው ሌላ ባዶ ሰፌድ ላይ አንዲት ሽንብራ ትጥላለች። እንኳየሁ አባቷን እያየች ተደነቀች። ድጓን ያህል ባሕር የያዘ ጭንቅላት አንዱን ሁለት ጊዜ አይጠራም፣ አንዱንም አይዘልም። ወጡ ቀዘቀዘ። ውጭ በረዶው ቆሞ ፀሐይ ወጣ። አያ ወልደኢየሱስ ላብ በላብ ሆነው «እንዲህ የደከምሁት ለጥምቀት ነው» ይላሉ።

አለቀ። የኔታ ሽንብራዎቹን አንድ በአንድ ወደ አንድ ጥግ እየገፉ ቆጠሩ። እንኳየሁ ከንፈራቸውን ታያለች።

«አርባ አንድ። አርባ ሁለት። አርባ ሦስት።» የሚገፋ አልቀረም።

ሁሉም ወደ አያ ወልደኢየሱስ ዞሩ። «በልተኻታል!» አሉ የኔታ። አያ ወልደኢየሱስ ምለው ተገዝተው አፋቸውን ከፍተው አሳዩ፤ የትነበርሽም ሰፌዱን ከእጄ አልለቀቅሁም ብላ መሰከረችላቸው።

መሪጌታ ቁጭ አሉ። ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። «በአንድ አመለጠሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ። «ሸጋ ተሟግተሽ ነበር። ግን አርባ ሦስት አርባ አራት አይደለም።»

እንኳየሁ ነጭ ጋዋን ለብሳ ሰኞን ስታልፍ፣ ዓመቱን ስታልፍ፣ ዕድሜዋን ሁሉ ያለ ሒሳብ ስታልፈው ታያት። ወዲያው ግን እግሯ ሥር መሬቱ ጠነከረ። ሒሳብን የወደደችው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ተሳስቷል ሲል እሱ ይጠብቃል።

«አባዬ፣ አርባ ሦስት ሊሆን አይችልም።»

«ቆጠርነው እኮ!»

«ብትቆጥሩትም አይችልም። እርስዎ በተራ የያዙት የአራት ሰው መቋሚያ ነው። የሙሉቀንን ቢይዙ የየኔታን ቢይዙ ለቀሩት ምን ለውጥ አለው? ለአንዱ ስንት መንገድ ካለ ለሌላውም ያው ነው። ስለዚህ ድምሩ ለአራት እኩል መካፈል አለበት። አርባ ሦስት ለአራት አይካፈልም፤ ከራሱና ከአንድ በቀር ለማንም አይካፈልም። ያልቆጠራችሁት አንድ አለ።»

«እኔ የዘለልሁት የለም!» አሉ መሪጌታ ቱግ ብለው። ድጓ የዘለሉ ያህል ከበዳቸው።

«እርስዎማ አልዘለሉም።» ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ የመጀመሪያዋን ሽንብራ መቼ ጣልሽ?»

«አባትሽ ‘ለውጡ’ ሲሉ፣ መቋሚያው ሲሻገር ጣልሁ።»

«ከዚያ በፊትስ፣ ገና ምንም ሳትለውጡ እንዴት ቆማችሁ ነበር?»

አምስቱ ሰዎች ተያዩ። ገና ምንም ሳይለውጡ፣ በረዶው አደባልቋቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደመጡት ነበር የቆሙት። መሪጌታ የሙሉቀንን፣ ሙሉቀን የአስናቀውን፣ አስናቀው የመሪጌታን፤ የኔታ አጭሩን፣ አያ ወልደኢየሱስ ረጅሙን። ቆጠራውን ሁሉ ያመጣው እሱ ነው፤ ሽንብራ የጣለለት ግን የለም።

«እሱማ ስሕተታችን ነው» አሉ አያ ወልደኢየሱስ ግራ ገብቷቸው። «ስሕተት ይቆጠራል እንዴ?»

«ወልደኢየሱስ» አሉ የኔታ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ምን ስንቆጥር የዋልን መሰለህ?» ብለው ሳቃቸውን ለቀቁት። ጥምጥማቸው እስኪፈታ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ቆመንበት! ቆመንበት ሳለን!»

መሪጌታ ብቻ አልሳቁም። ተነሥተው «እንደ ጠዋቱ ቁሙ» አሉ፤ ሁሉም እንደ ጠዋቱ ቆመ። ከተረፈው ሽንብራ አንዲት አነሡ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሐል አሹዋት፣ ዳሰሷት፤ ከዚያ ከአርባ ሦስቱ አጠገብ ቀስ አድርገው አስቀመጧት።

«አርባ አራት» አሉ። ድምፃቸው እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። «አርባ አራት። እኔ ዕድሜዬን ስምልበት ኖሬ አላውቀውም ነበር ማለት ነው።»

«ፈርጃለሁ!» አሉ የኔታ።

«ፍርድ አያስፈልግም የኔታ፣ ተረትቻለሁ» አሉ መሪጌታ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰኞ ሒሳብ ብለሽ አስገቢ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ለምን ሒሳብ የሚልሽ ካለ ለእኔ ተዪው።» ደግሞ የሚሉት የቀራቸው መሰሉ። ከንፈራቸው ተላቀቀ፤ «ይ—» ብለው አቆሙ።

እንኳየሁ ቃሉን ገና ሳይወጣ አወቀችው። ለምን እንደቆመም ገባት። በዚያ ቤት ያ ቃል ሲነገር የኖረው ለወንድ ነው፤ ለሴት እንዴት እንደሚባል አባቷ አፍ ላይ መንገድ አልነበረውም። መሪጌታ ፍቅረ ማርያም፣ ዕድሜ ልካቸውን አንዲት ፊደል ለውጠው የማያውቁት ሰው፣ የያዙትን የሰው መቋሚያ ከፍ አድርገው ወለሉን መቱበት።

«ትበል!» አሉ።

«ትበል! ትበል!» አሉ አራቱ፣ የሰው መቋሚያ በሰው እጅ ወለሉን እየደበደበ። የትነበርሽ ሰፌዱን ጥላ እልልታዋን ለቀቀችው፤ አርባ አራቱም ሽንብራ ቤቱን ሞላው።

«ትድገም!» አሉ አባቷ።

እንኳየሁ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ሰሌዳው አጠገብ ቆመች፤ ከመጀመሪያው ጀምራም ደገመችላቸው።